ከቤቱ ጋር

«ሴትየዋስ? እሷም ከቤቱ ጋር ናት?» ብሎ ገዢው ሳቀ።

እታለም ይህን የሰማችው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ቁጢጥ ብላ የጥብስ ቅጠሉን ስትከረክም ነው። ጠዋት የውጪውን በር ከፍታ ያስገባቻቸው እሷ ናት፤ ገዢውን፣ ሚስቱንና በሁለት ስልክ የሚያወራውን ደላላ። ስለዚህ «ሴትየዋ» ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። መቀሱን ቅርንጫፉ ላይ እንዳጠለቀች ቆየት አለች እንጂ አልደነገጠችም፤ የወንድሟን መልስ አስቀድማ ታውቀዋለች። «ምን ማለትህ ነው ጌታው፣ እህቴ እኮ ናት» ይላል፣ ሰውየው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ ነገሩ ያልፋል። ወንድሟ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ሠራተኛችን ናት» አለ። «ብዙ ዘመን አብራን የኖረች ናት። ቤቱን ስናስረክብ ለእሷም አንድ ቦታ ይፈለግላታል።»

ደላላው ነገሩን በዚያ አላለፈውም። «ቤቱ የአባት ነው ብለውናል። እህት ወንድም የሚባል ካለ አሁኑኑ ይነገረን። ኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት የለም።»

«ብቸኛ ልጅ ነኝ» አለ ወንድሟ።

እታለም የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን በመፍታት ላይ የነበረ ሕፃን፣ እሷ ደግሞ ለእናትነት ያልደረሰች ልጅ ነበረች። ጠዋት ሲነሳም ማታ ሲተኛም የሚጠራው እሷን ስለነበር መጀመሪያ አባታቸው፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ በመጨረሻም የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እሱ እታለም ብሎ ቀረ። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ይህን ቤት ከሰው ሥራ የተረፈ ድንጋይ እያመጡ እሑድ እሑድ ነው የሠሩት፤ ሲሞቱም «ለሁለታችሁ ነው» ብለው ነው የሞቱት። ባለፈው ሰሞን ወንድሟ ለቤቱ ወረቀት እያለ ሲሯሯጥ ሰንብቶ ነበር። ደክሞት በመጣ ቁጥር ውሃ አሙቃ እግሩን ታስነክረው የነበረችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ሩጫ የምን ወረቀት ለማውጣት እንደነበር አሁን ገባት። እጇ ሳታዝዘው ተጨበጠና መቀሱ ቅርንጫፉን ከለጋው ሳይሆን ከታች ከደረቁ ግንድ ላይ ቀነጠሰው። እሷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ የጥብስ ቅጠል ከደረቁ ላይ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም።

«ሻይ ይምጣ እስቲ» የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ። የወንድሟ ሚስት ነበረች። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ አነጋገሯ ሁልጊዜም የተመጠነ ነው፤ እታለምን ግን ባሏን ስታከብር አብራ አክብራ እትዬ ነበር የምትላት። አሁን እትዬም አላለች፣ ስምም አልጠራች፤ ዓይኗን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ተክላ ለአየሩ ነው ያዘዘችው። እታለም ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወጥ ቤት ገባች። የእንግዳ ብርጭቆዎቹን ከሣጥናቸው አወጣች። ለምን እምቢ እንዳላለች ኋላ ብዙ አስባበታለች፤ በዚያች ሰዓት ግን የታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካልሄደች ወንድሟ ይዋረዳል።

ሳሎን ስትገባ ማንም ቀና አላለም። ገዢው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የዝናብ ምልክት እየለካ ብርጭቆውን ከትሪው ላይ አነሳ። ደላላው ስኳር ጨመረ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ወንድሟ የጫማውን ክር ያያል። ቀና ያለችው የገዢው ሚስት ብቻ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ገጿ ሳቅ የለመደ ሴት።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለች ሁለት እጇን ዘርግታ። ከዚያ የእታለምን እጅ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አደረገች። «እጅዎ እንዴት ያውዳል! ምንድነው?»

«የጥብስ ቅጠል ነው።»

«ሮዝመሪ? እዚህ አለ እንዴ? ኑ ያሳዩኝ እስቲ!» ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሳች። ባሏ «ቤቱን መጀመሪያ ብናይ» ሲል «አንተ ቤቱን እይ» አለችውና እታለምን ተከትላ ወጣች።

ግቢው ሰፊ አይደለም። ከውጪው በር እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ግን በግድግዳው ሥር የጥብስ ቅጠሉ እስከ ወገብ ድረስ ተሰልፎ ቆሟል፤ እዚህም እዚያም ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ አውጥቶ ንብ ይዞረዋል። ሴትዮዋ በመዳፏ እየዳበሰችው ከዳር እስከ ዳር ሄደች። «እኔ ሦስት ጊዜ ተክዬ ሦስት ጊዜ ሞተብኝ» አለች። «ጠዋት ማታ ነው የማጠጣው። ምን ጎደለብኝ?»

«ምንም አልጎደለም፤ በዝቶበት ነው። እሱ ጥጋብ አይወድም።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ እታለምም ሳታስበው ፈገግ አለች። ጎንበስ ብላ መደቡን አሳየቻት። የዚህ ግቢ አፈር ውሃ ያቁራል፤ ክረምት ሲገባ ሥሩ በቁሙ ይበሰብሳል። መጀመሪያ የተከለችው እንደዚያ ነው የሆነባት፤ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ሲረግፍ በሽታ መስሏት ውሃ ጨመረችበት፤ ጭራሽ ገደለችው። ከዚያ አባቷ ከግንብ ሥራ ያስተረፉትን ጠጠርና የጡብ ስብርባሪ ከሥር አነጠፈች፣ አሸዋ ከአፈር አቀላቀለች፣ መደቡን እስከ ጉልበት ከፍ አደረገች። ፀሐይ ከዚህ ግድግዳ ሥር ቀኑን ሙሉ አትለይም። ከዚያ ወዲህ ብርዱንም ችሎት፣ በጋውንም ችሎት ይኸው ነው። አፈሩ እስከ ሁለተኛው የጣት አንጓ ሳይደርቅ ውሃ አይነካውም። ፍግም አትሰጠውም፤ ከሰጡት ይወፍርና ሽታው ይጠፋል።

«ለማባዛትስ?»

«ለጋውን ስንዝር ያህል ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል መልምለው አሸዋ ውስጥ ይሰኩታል። ጥላ ሥር። ከዚያ አለመነካካት ነው። ሥር ያዘ አልያዘም እያሉ መንቀል፣ ልጅ ተኛ አልተኛ እያሉ እንደመቀስቀስ ነው።»

ሴትዮዋ እንደገና ሳቀች። አንድ ዘለላ ቀጥፋ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። «ይህን ሁሉ ራስዎ ነዎት የተከሉት?»

«አዎ።»

«ለሰው ቤት?»

በዚህ ጊዜ በረንዳው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ወንድሟ ነው። ብርጭቆውን ከነማስቀመጫው እንደያዘ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሟል። ቀረብ አይልም፣ አይርቅም። ፊቱ አመድ መስሏል። እታለም አየችው። ሕፃን ሆኖ ትኩሳት ሲይዘውም እንደዚህ ነበር የሚያያት፤ የሚያድነው ነገር ሁሉ እሷ እጅ ላይ ያለ ይመስል። አንድ ቃል ብትናገር ደላላው ስልኮቹን ሰብስቦ ይወጣል፤ ገዢው ይጮሃል፤ ወንድሟ የሐሰት ወረቀት ያወጣ ሰው ይሆናል። ቃሉ ደግሞ አጭር ነበር።

ሴትዮዋ ዝምታውን በሌላ ተረጎመችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የራስዎ ሰው የለዎትም?» አለቻት።

«ወንድም ነበረኝ።»

«ውይ! ሞተብዎት?»

«አልሞተም። ሩቅ ነው።»

በረንዳው ላይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ። ወንድሟ ዞር ብሎ ገባ።

ሴትዮዋ እንደ መተከዝ ብላ ስሟን ጠየቀቻት። «እታለም ይሉኛል» አለች። «እታለም! የማን እህት?» «የጠራኝ ሁሉ።» ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት። ባሏ ግቢውን ሲሚንቶ አፍስሼ መኪና አቆምበታለሁ እንደሚል፣ እሷ በሕይወት እያለች ግን ይህ እንደማይሆን ነገረቻት። ቤቱን ከገዙ እታለም እዚያው ክፍሏ ብትቆይላቸው ደስ ይላታል፤ ከባድ ሥራ አታሠራትም፤ ግቢውን ብትይዝላትና ወጥ ቤቱን በዓይኗ ብታይላት ይበቃል፤ ደሞዙም የሚያስከፋ አይሆንም። «ያስቡበት» አለችና ቁጥሯን ራሷ በእታለም ስልክ ላይ መዘገበችላት። በዚህች ግቢ ውስጥ እታለምን አንቱ ብሎ ያናገራት ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ምሳ ደረሰ። ሦስቱ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የወንድሟ ሚስት የድንቹን ሾርባ መጀመሪያ ለእታለም ጨለፈችላት፤ ይህ ሆኖ አያውቅም። ደግማም ጨመረችላት። ከዚያ ዳቦውን ገፋ አደረገችላት፣ ከዚያ ጨውን፣ ከዚያ የማያስፈልገውን ውሃ። ወንድሟ «ቤቱን ወደውታል» አለ ለሾርባው። ሚስቱ «ነገ ሊፈራረሙ ነው» አለች። «ላንቺም እንግዲህ አንድ ነገር ይደረጋል» አለ እሱ፤ ሚስቱም «እንዴታ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ድንች ዋጋ ተነሳ፤ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት እንዴት እንደወጣ፣ እንደዚህ ከቀጠለ ሰው ምን ሊበላ እንደሆነ። ሦስቱም በድንቹ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ።

እታለም የሚገቡበትን አፓርታማ አይታዋለች። ባለፈው ወር የወለሉን ቀለም ጠብታ ፍቂልን ብለው ወስደዋት ነበር። እየፈቀቀች ክፍሎቹን በልቧ ስትደለድል ዋለች፤ ይህ የእነሱ፣ ይህ ሌላ ከተማ የሚማረው የልጃቸው። የእሷ ነው ብላ ሦስተኛውን በር ስትከፍት መታጠቢያ ቤት ሆነባት። ያን ቀን ስቃ ነበር፤ ያላየችው ሌላ በር ያለ መስሏት።

ከምሳ በኋላ የከረከመችውን በክር እያሰረች ዘንቢል ሞላችና ወጣች። በመንገዷ ለሁለት ሥጋ ቤቶች አደረሰች፤ አንደኛው ባለቤት እንደ ልማዱ «ትናንት የሰጠሽኝ ከዛሬው ይበልጥ ነበር» ብሎ ተከራከረ፤ እሷ እንደ ልማዷ አልመለሰችለትም። ከዚያ ካውያ ቤት ሄደች። ካውያ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብራት ያረጀች ባልንጀራዋ ናት፤ እታለም አንሶላ ስታጥብ እሷ ትተኩስ ነበር። ስሙ የወጣላት ግን ለሥራዋ ይሁን ለምላሷ እስከ ዛሬ አልተለየም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠች፤ ለካውያ ይህ ትልቅ መከራ ነው።

«ብቸኛ ልጅ ነኝ አለ?» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ አንቺን እኔ ነኝ የወለድኩሽ?»

«እንጃ።»

«ነገ ሲፈርሙ ሄደሽ መሀል ቁሚ። 'እህቱ ነኝ' በይ። ሌላ ቃል አይጨመርበት። ገዢው እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ወንድምሽም ይታሰራል። ይታሰር!»

«ይታሰርና?»

«ግማሹን ትወስጃለሽ።»

እታለም ዘንቢሉ ውስጥ የቀረውን ቅጠል በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። «ቤቱን ፍርድ ቤት ያካፍለኝ ይሆናል» አለች። «እህቱ መሆኔን ግን እሱ ካልተናገረው ማን ይናገርልኛል?»

ካውያ ተነስታ መወልወል የማያስፈልገውን ምድጃ ወለወለች። «እንግዲያው እኔ ጋ ነይ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። ሁለቱም ክፍሏን ዙሪያውን አዩት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ አንድ ወንበር፣ ሌላ ነገር የለም። «አንቺ እግርሽን ስትዘረጊ ግን በሩ አይዘጋም» ስትል ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእታለም እንባ ሳቁ ካለቀም በኋላ አልቆመም፤ ካውያም አላስቆመቻትም።

በዚያው ግቢ አንድ ባዶ ክፍል ነበር፤ ሲወጡ አብረው አዩት። ጥግ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያየው የሰው ግድግዳ ነው፤ በቀትርም አምፖል ይፈልጋል። አከራይዋ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ እንደሆነ፣ ልብስ ከደጅ ማስጣት እንደማይቻል፣ እንግዳ እንደማይመጣ ነገረቻት። ኪራዩ ከጡረታዋ ጥቂት ይበልጣል። እታለም ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው፤ እጇ እርጥብ ሆኖ ተመለሰ። «ደህና ነው» አለች ለአከራይዋ፤ ላለማስቀየም። «እስቲ ላስብበት።»

ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ካለ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። የተናቀች መስሏት ሳይሆን፣ ወይም ለመበቀል ሳይሆን፣ ደክሟት ነው የደወለችው። በዚያ ቤት ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ሰው ስታሳድግ ኖራ ለሥራዋ ስም ያወጣለት ሰው ዛሬ ነው የተገኘው፤ ያወጣለት ደግሞ ወንድሟ ነው።

«እታለም ነኝ» አለች። «የቅጠሉ።»

«ውይ! አሁን እኮ ስለእርስዎ ነው የማወራው! ምን አሰቡ?»

«እቆያለሁ።»

ሴትዮዋ በጣም ተደሰተች፤ ወዲያው እዚያው ባሏን ጠርታ ስትነግረው ተሰማ። እታለም ስልኩን ዘግታ አላፊ አግዳሚውን ስታይ ቆየች። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች፣ ዳቦ የያዙ፣ ልጅ እጅ የያዙ። የሚያውቃት አንድ ሰው «እታለም፣ ምነው እዚህ?» ብሏት አለፈ። «ትንሽ ልረፍ ብዬ» አለችው።

ወንድሟ ፀሐይ እንደገባች ወደ ክፍሏ መጣ። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፤ አልጋ፣ የአባቷ የመሣሪያ ሣጥን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መስታወት። እንደ ወትሮው በሩን ገፍቶ ገባ። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራ፣ ዘንድሮ ካልተሸጠ ክረምቱን እንደማይችለው፣ የሚስቱ ጉልበት እንዴት እንዳስቸገራት፣ አፓርታማው አሳንሰር እንዳለው። እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ሆና አዳመጠችው። ወሬው አለቀበት።

«የሰማሽው ነገር ካለ...» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ለወረቀት ነው እኮ። ለወረቀት ብቻ። ሁለት ፊርማ ነው ከተባለ ነገሩ ይጓተታል፣ ሰውየው ይሸሻል ብዬ ነው እንጂ... ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» እጁን ወደ እጇ ሰደደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ክፍል እንከራይልሻለን። ከኛ ሳይርቅ። በየሳምንቱ እየመጣሽ...»

«ተቀጥሬያለሁ» አለች።

«ምን?»

«የገዢው ሚስት ቀጥራኛለች። እዚሁ ነኝ።»

ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ሲገባው ከሣጥኑ ላይ ተነሳ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «እንዴት ይሆናል? በአባትሽ ቤት ሠራተኛ? ሰው ምን ይላል! ሠፈሩ እኮ ያውቅሻል! ምን ብለሽ ነግረሻት ነው?»

«አንተ ያልካቸውን።»

ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሽማግሌ ሆኖ ታያት፤ ሽበቱን ከዚያ በፊት አይታው የማታውቅ ይመስል። መልሶ ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። «ነገ ሳልፈርም በፊት እነግራቸዋለሁ» አለ ከመዳፉ ውስጥ። «እህቴ ናት እላቸዋለሁ። የመጣው ይምጣ።»

እታለም ጠበቀች። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢለው፣ ቀና ብሎ ዓይኗን እያየ ቢለው፣ «ተው፣ ግድ የለህም፣ ፈርም» ልትለው ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ወንድሟ አልደገመውም። መዳፉን ከፊቱ ላይ አወረደና ለጥቂት ጊዜ ወለሉን አየ። ከዚያ በቀሰስተኛ ድምፅ፣ «ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው?» አላት። «ይመቹሻል?»

«ሴትዮዋ ደህና ናት» አለች እታለም። «ሳቂታ ናት።»

«ጥሩ ነው» አለ። «እንኳን... ጥሩ ነው።»

ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው።

«ስትመጣ የውጪውን በር አንኳኳ» አለችው። «ዝም ብለህ አትግባ፤ የሰው ቤት ነው። እኔ ነኝ የምከፍትልህ።»

ወንድሟ ጀርባውን እንደሰጣት ራሱን ነቀነቀ። ወጣና በሩን ቀስ ብሎ፣ እጀታውን ይዞ እስኪገጥም ድረስ እየተጠነቀቀ፣ እንግዳ እንደሚዘጋው ዘጋው።